የመዝናኛ ሒሳብና ሐሳብ

እንጀራ የምትሸጥ ሴት መቶኛውን እንጀራ ለመጋገር እንደ መጀመሪያው ሁሉ ጤፍ፣ ውሃ፣ ማገዶና ጉልበት ያስፈልጋታል። ፊልም እንዲህ አይደለም። አንድ ፊልም ለመሥራት 10 ሚሊዮን ብር ወጣ እንበል። ገንዘቡ በሙሉ ያለቀው በመጀመሪያው ቅጂ ላይ ነው። ሁለተኛውን፣ ሺሕኛውን፣ ሚሊዮንኛውን ማባዛት ከዚያ ጋር ሲነጻጸር ከምንም አይቆጠርም። ፊልሙን አንድ ሰው ብቻ ካየው ወጪው ሁሉ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ወደቀ ማለት ነው። አንድ ሚሊዮን ሰው ካየው ለእያንዳንዱ 10 ብር ይደርሰዋል።

ስለ ዘመኑ መዝናኛ የሚነሳው ክርክር ብዙ ጊዜ ከሥነ ምግባር ይጀምራል። «ባህላችንን አጠፉት»፣ «ወጣቱን አደነዘዙት» ይባላል። እኔ ግን ከእንጀራውና ከፊልሙ ልዩነት መነሳትን እመርጣለሁ። መዝናኛው ለምን ደጋግሞ አንድ ዓይነት ነገር እንደሚነግረን የሚያስረዳው ትልቁ ክፍል እዚህ ሒሳብ ውስጥ ተቀምጧል። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ አዝማሪን እንመልከት። ማሲንቆውን ይዞ ሲጫወት የሚሰሙት እዚያው ቤት ውስጥ የተቀመጡት ብቻ ናቸው። ስንኙን ከታዳሚው መልክ፣ ስምና ጨዋታ እያነሳ ይገጥማል። አንዱ «ተቀበል» ብሎ ግጥም ይሰጠዋል፣ እሱም ተቀብሎ ያዜመዋል። ሥራው ከዚያ ቤትና ከዚያ ምሽት ተነጥሎ አይሄድም፤ ነገ ማታ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። ሁለት አሜሪካውያን የምጣኔ ሀብት ምሁራን፣ ዊሊያም ቦሞልና ዊሊያም ቦወን፣ በ1966 ባሳተሙት መጽሐፍ የዚህን ዓይነት ጥበብ ዕጣ አስረድተዋል። ለአራት ሰው የተጻፈን ሙዚቃ ለመጫወት ከሁለት መቶ ዓመት በፊት አራት ሰው ያስፈልግ ነበር፤ ዛሬም አራት ሰው ያስፈልጋል፣ ደቂቃውም ያው ነው። የጫማ ፋብሪካ ግን በአዲስ ማሽን በሰዓት የሚያመርተውን ያበዛል፣ የሠራተኛውም ደመወዝ ከዚያ ጋር ከፍ ይላል። ሙዚቀኛውም በዚያው ገበያ የሚኖር ሰው ነውና ክፍያው እንዲያድግለት ይፈልጋል። የሚያመርተው ግን አልጨመረም። ስለዚህ በአካል የሚቀርብ ጥበብ ከዓመት ዓመት እየተወደደ፣ የሚባዛው ጥበብ እየረከሰ ይሄዳል።

በ1981 ደግሞ ሸርዊን ሮዘን የተባለ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ምሁር ሌላውን ጎን አሳየ። አንድ ድምፃዊት ከሌላዋ በጥቂት ትበልጣለች እንበል። ሰው ሙዚቃ የሚሰማው አዳራሽ ሄዶ በነበረበት ዘመን ሁለቱም ይበሉ ነበር፤ የተሻለችው በአንድ ምሽት ሁለት ከተማ ልትዘፍን አትችልምና። ሸክላና ካሴት ሲመጣ ግን ሁሉም ሰው በዚያው ዋጋ የተሻለችውን መግዛት ቻለ። ትንሿ ብልጫ ሰማይና ምድር የሆነ የገቢ ልዩነት ወለደች። ዛሬ በየአገሩ ጥቂት ዝነኞች እጅግ ሲከብሩ ሌላው ባለሙያ በልቶ ማደር የሚያቅተው በሕዝቡ ጣዕም ጥፋት ብቻ አይደለም።

ይህን ሒሳብ በትልቁ የሠራበት ሆሊዉድ ነው። ከ1920ዎቹ እስከ 1940ዎቹ መጨረሻ ድረስ ኤም ጂ ኤም፣ ፓራማውንት፣ ዋርነር ብራዘርስ፣ ትዌንቲየዝ ሴንቸሪ ፎክስ እና አር ኬ ኦ የተባሉ የፊልም ኩባንያዎች የአሜሪካን ሲኒማ በእጃቸው ይዘውት ነበር። ፊልሙን ይሠራሉ፣ ያከፋፍላሉ፣ የሚታይባቸው ትልልቅ ሲኒማ ቤቶችም የራሳቸው ነበሩ። ተዋናይ እስከ ሰባት ዓመት በሚደርስ ውል ይያዛል፤ የሚሠራበትን ፊልም የሚመርጥለት ኩባንያው ነው። የግል ሲኒማ ቤት ያለው ሰው የዝነኛዋን ተዋናይት አንድ ፊልም ከፈለገ፣ ያላያቸውን፣ እንዲያውም ገና ያልተሠሩትን ሌሎች ፊልሞች አብሮ በጅምላ እንዲወስድ ይገደድ ነበር። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይህን አሠራር ሕገ ወጥ ያለው በ1948 ነው።

የዚህ ሁሉ ምክንያት ፍርሃት ነው። የመጀመሪያው ቅጂ ገንዘብ የሚወጣው ተመልካች ይምጣ አይምጣ ሳይታወቅ ነው። ጤፍ የሚገዛ ነጋዴ ሰው ነገም እንጀራ እንደሚበላ ያውቃል። ፊልም ሠሪ ግን ሰው ነገ ምን እንደሚያስቀው አያውቅም። ይህን ፍርሃት ማስታገሻው አምና የተሳካውን ዘንድሮ መድገም ነው፦ ያው ተዋናይ፣ ያው የካውቦይ ታሪክ፣ ያው አጨራረስ። ጥቂት ለውጥ ይጨመርበታል፤ ፈጽሞ ካልተለወጠ ሰው ይሰለቻል፣ በጣም ከተለወጠ ደግሞ ይሸሻል።

አሁን ሒሳቡ ወደ ሐሳብ ሲለወጥ ማየት እንችላለን። በ1930 የሆሊዉድ ኩባንያዎች የፊልም ይዘት ደንብ አወጡ። በሰፊው የሚታወቀው የማኅበራቸው መሪ በነበረው በዊል ሄይስ ስም ነው። በጥብቅ መሥራት የጀመረው በ1934 ሲሆን እስከ 1968 ቆየ። ደንቡን ያወጣው መንግሥት አልነበረም። ኩባንያዎቹ በአንድ በኩል የየክፍለ ግዛቱን ሳንሱር፣ በሌላ በኩል ምእመኖቿን ከሲኒማ ቤት ልታስቀር የምትችለውን የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ፈርተው ራሳቸው በራሳቸው ላይ ጫኑት። ወንጀለኛ ሳይቀጣ ፊልም እንዳያልቅ ይላል። ሃይማኖት አስተማሪ እንዳይቀለድበት ይላል። በነጭና በጥቁር መካከል ያለ የፍቅር ግንኙነትንም በግልጽ ይከለክላል። አንድ ፊልም በኒውዮርክም፣ በሚሲሲፒም፣ በትንሽ የገጠር ከተማም ገንዘብ እንዲያመጣ ከተፈለገ፣ የትኛውንም ታዳሚ የማያስቆጣ መሆን አለበት። ከሁሉም በላይ የሚፈራው ደግሞ የበላይነት ያለውን ታዳሚ ማስቆጣት ነው። ጥቁር አሜሪካዊው ተመልካች በራሱ ላይ የተሠራውን ስድብ ከፍሎ አየ። ከሃያ ዓመት በላይ የቆየን የዘር አጥር ለማቆም በድብቅ የሚመክር ቡድን አላስፈለገም፤ ኪሳራን መፍራት በቃ።

በዚሁ ዘመን ሁለት ጀርመናውያን ስደተኞች ሎስ አንጀለስ ውስጥ ይኖሩ ነበር። ማክስ ሆርክሃይመርና ቴዎዶር አዶርኖ በፍራንክፈርት የማኅበራዊ ምርምር ተቋም ውስጥ የሠሩ ፈላስፎች ናቸው። ናዚዎች በ1933 ሥልጣን ሲይዙ ተቋሙ ተዘጋ፣ ምሁራኑም ተበተኑ። ሁለቱ በኒውዮርክ በኩል ዞረው በ1941 ካሊፎርኒያ ደረሱ። እነሱ ከጀርመን በወጡበት ሰሞን የናዚዎቹ የፕሮፓጋንዳ ሚኒስትር ጎብልስ በ76 ማርክ የሚሸጥ ርካሽ የሕዝብ ሬዲዮ እያስመረተ በየቤቱ አንድ ድምፅ ማስገባት ጀመረ። የሬዲዮኑ ሞዴል ቁጥር 301 ነበር፤ ሂትለር ሥልጣን የያዘበትን ጥር 30 ቀን ለማስታወስ የተሰጠ ነው። አሜሪካ ሲደርሱ ደግሞ ጎብልስ በሌለበት አገር፣ በነጻ ገበያ፣ ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ነገር ሲሰማና ሲያይ አገኙ። ጥያቄያቸው ከዚህ ድንጋጤ የተነሳ ይመስለኛል።

በ1944 ጽፈው በ1947 አምስተርዳም ላይ ባሳተሙት መጽሐፍ ውስጥ «የባህል ኢንዱስትሪ» የሚል ምዕራፍ አለ። አዶርኖ ከዓመታት በኋላ እንዳስረዳው፣ በረቂቁ ላይ የጻፉት «የብዙኃን ባህል» ብለው ነበር። ኋላ ግን ሰረዙት። «የብዙኃን ባህል» ሲባል ባህሉ ከሕዝቡ ውስጥ በራሱ የፈለቀ ይመስላል። እነሱ ማለት የፈለጉት ተቃራኒውን ነው፦ ከላይ ታቅዶ፣ ተመርቶ፣ ለሕዝቡ የሚወርድ ዕቃ ነው። በእኛ አነጋገር ብናስቀምጠው፣ የለቅሶ ሙሾ ከሕዝብ የወጣ ባህል ነው፤ ሙሾ የሚመስል ዜማ አስቀርጾ ለገበያ ማውጣት ግን ሌላ ሥራ ነው። ሁለቱን በአንድ ስም መጥራት ያሳስታል።

ክርክራቸው ጥልቀት ያገኘው ሰው በሚደክምበት ሰዓት ላይ ሲያተኩሩ ነው። ቀኑን ሙሉ በማሽን ወይም በጠረጴዛ ላይ አንድ ሥራ ሲደጋግም የዋለ ሰው ማታ የሚፈልገው ሐሳብ የማይጠይቅ ነገር ነው። ኢንዱስትሪውም ያንን ያቀርብለታል። መዝናኛው ግን ራሱ በድግግሞሽ የተሠራ ስለሆነ የፋብሪካውን ስልት እስከ መኝታ ድረስ ያራዝመዋል። ሰውየው ያርፋል፤ የሚያርፈው ግን ነገ ወደዚያው ሥራ እንዲመለስ ነው። መዝናኛው ርዕዮተ ዓለም ያሰርጻል ሲሉም የፖለቲካ ስብከት ማለታቸው አይደለም። ድሃዋ ልጅ ከችግሯ የምትወጣው ሁልጊዜ በዕድል ወይም በሀብታም ፍቅር ከሆነ፣ ጎረቤቶቿን አስተባብራ የቤት ኪራዩን ያስቀነሰችበት ታሪክ ከቶ ካልታየ፣ ተመልካቹ አንድ ነገር ተምሯል። ማንም ምንም ሳይሰብከው ዓለም ከዚህ ሌላ መልክ እንደሌላት ለምዷል።

እዚህ ላይ አንድ ትልቅ ጥያቄ ይቀራል። ሬዲዮ በነጻ ይሰማል፣ ቴሌቪዥንም ብዙውን ጊዜ በነጻ ይታያል። ታዲያ የመጀመሪያው ቅጂ ወጪ የሚመለሰው በማን ገንዘብ ነው? በ1930ዎቹ የአሜሪካ ሬዲዮ ላይ ቀን ቀን የቤት እመቤቶች የሚከታተሉት ድራማ ይተላለፍ ነበር። ወጪውን የሚሸፍኑት እንደ ፕሮክተር ኤንድ ጋምብል ያሉ የሳሙና አምራቾች ስለነበሩ «የሳሙና ኦፔራ» የሚለው ስም ተለጠፈበት። ካናዳዊው ምሁር ዳላስ ስማይዝ በ1977 ይህን አሠራር ገልብጦ አየው። ጣቢያው የሚሸጠው ድራማውን አይደለም አለ፤ የሚሸጠው አድማጯን ነው፣ ገዢው ደግሞ የሳሙና ፋብሪካው። ድራማው ሰው ለመሰብሰብ የሚቀርብ ቁርስ ነው። በ2004 ቲ ኤፍ 1 የተባለው የፈረንሳይ ቴሌቪዥን ኃላፊ ፓትሪክ ለ ሌ ይህንኑ ከውስጥ ሆኖ ተናገረ፦ ለኮካ ኮላ የምንሸጠው ነጻ የሆነ የሰው አእምሮ ጊዜ ነው አለ። ንግግሩ አገሩን አስቆጣ፤ ሥራውን ግን በትክክል ገልጿል።

እኛም አገር ይህን በዓይናችን ያየንበት ጊዜ አለ። ቢራ ፋብሪካዎች የሙዚቃ ድግሱን፣ የበዓል ዝግጅቱን፣ የሬዲዮና የቴሌቪዥን ፕሮግራሙን ስፖንሰር ሲያደርጉ ኖረዋል። በ2019 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል መጠጥ ማስታወቂያን ከአየር ላይ ሲያነሳ ብዙ ፕሮግራሞች ቆመው የነበሩት በምን ላይ እንደሆነ ገሃድ ወጣ። ሕጉ ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ። ግን የኪነ ጥበቡ ምሰሶ የነበረውን ገንዘብ በሌላ ማን ይተካዋል የሚለው ጥያቄ በቅጡ ሳይመከርበት አለፈ።

የአዶርኖን ጽሑፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳነብ አንድ ቦታ ላይ ደርሼ ተናድጄ ነበር። ስለ ጃዝ የጻፈው ነው። ለእሱ ጃዝ ነጻነት መስሎ የሚሸጥ የፋብሪካ ዕቃ ነው፤ ሙዚቀኛው በነጻ የሚጫወት ቢመስልም ከተሰመረለት አይወጣም። ጥቁር አሜሪካውያን በዚያ ሙዚቃ ውስጥ ያስቀመጡትን ሕመምና ብልሃት አልሰማውም። ወዳጁ ዋልተር ቤንያሚን በ1936 ባሳተመው ድርሰት የተሻለ ተስፋ አይቶ ነበር። ቅጂ ሲበዛ ጥበብ ከቤተ መቅደስና ከባለጸጋ ሳሎን ወጥቶ በተራው ሰው እጅ ይገባል፣ ተራው ሰውም እንደ ባለሙያ መፍረድ ይጀምራል የሚል ነው። ቤንያሚን በ1940 ከናዚዎች ሲሸሽ በስፔን ድንበር ላይ ሕይወቱን አጠፋ፤ ክርክሩም ሳይቋጭ ቀረ። በ1973 ደግሞ ጃማይካ ተወልዶ እንግሊዝ የሠራው ስቱዋርት ሆል፣ የተላከው መልእክት ሁልጊዜ እንደተላከ አይደርስም አለ። ተመልካች ሊቀበለው፣ ከራሱ ኑሮ ጋር ሊያስማማው፣ ወይም ፈጽሞ ሊቃወመው ይችላል።

ለአዶርኖ ስሕተት ከሁሉ የሚበልጠው መልስ ያለው ከእኛው ሰው ዘንድ ነው። ሙላቱ አስታጥቄ በቦስተን በርክሊ የሙዚቃ ትምህርት ቤት የተማረ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ነው። በ1960ዎቹ ያንን «የፋብሪካ ዕቃ» ወስዶ በትዝታ፣ በባቲ፣ በአምባሰልና በአንቺሆዬ ቅኝቶች ላይ አቆመው። በሸክላ ተባዝቶ ዓለምን የዞረ ድምፅ አዲስ አበባ ሲደርስ ሌላ ነገር ሆነ። ሸክላው ራሱ ደግሞ የመጣው በትግል ነው። ሸክላ የማሳተም መብት በመንግሥት ፈቃድ የሀገር ፍቅር ቴአትር ብቻ ነበር። በ1969 ወጣቱ አምሃ እሸቴ ይህን ተጋፍቶ የራሱን አሳታሚ ድርጅት አቋቋመ፤ አገር ውስጥ ማተሚያ ስላልነበረ መጀመሪያ ያሳተመው ህንድ ነው። በጥቂት ዓመታት ከ100 በላይ ነጠላ ሸክላዎች አወጣ።

ያ ዘመን ወርቃማ ሲባል ሁልጊዜ የሚረሳ ነገር አለ። የዚያን ትውልድ ሙዚቀኞች መሣሪያ የገዛላቸው፣ ኖታ ያስተማራቸው፣ ደመወዝ የከፈላቸው ማን ነበር? ብዙዎቹ የወጡት ከክቡር ዘበኛ፣ ከፖሊስ ሠራዊት፣ ከሀገር ፍቅርና ከመሰሎቹ ኦርኬስትራዎች ነው። አርመናዊው ነርሲስ ናልባንዲያንን የመሰሉ መምህራንን የቀጠረውም መንግሥት ነው። ስለዚህ በግል ገበያ የተሸጠው ሸክላ ትልቁ የመጀመሪያ ወጪው፣ ማለትም የሰው ሥልጠና፣ ቀድሞ በሕዝብ ገንዘብ ተከፍሎ ነበር። መንግሥት ሲከፍል ደግሞ ውዳሴውንም ይጠይቃል፤ የዘመኑ ዘፈኖች ለንጉሠ ነገሥቱ ያላቸውን ድርሻ መክፈላቸው የታወቀ ነው። ያለ ውለታ የመጣ ገንዘብ በየትኛውም ዘመን አላገኘሁም።

ወደ ቅርቡ እንምጣ። ቃና ቴሌቪዥን በ2016 የቱርክ፣ የኮሪያና የሌሎች አገሮች ተከታታይ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ማቅረብ ሲጀምር በየቤቱ ምሽቱን ወሰደው። የአገር ውስጥ የፊልምና የቴአትር ባለሙያዎችም ተቃወሙ። ባህልና ቋንቋ ሲነሳ ብዙ ተባለ፤ ሒሳቡ ግን ከዚያ ይቀድማል። ቱርክ ውስጥ አንድ የሳምንት ክፍል ሁለት ሰዓት ያህል ይረዝማል። ለውጭ ገበያ ሲላክ ተከፋፍሎ ብዙ አጫጭር ክፍሎች ይወጡታል። የሥራው ወጪ በቱርክ ማስታወቂያ ተመልሷል ወይም ሊመለስ ተቃርቧል፤ ከኢትዮጵያ የሚመጣው ገንዘብ ትርፍ ላይ የሚጨመር ነው። ስለዚህ ዋጋው የሚቆረጠው ድራማው በፈጀው ገንዘብ ሳይሆን ገዢው አገር ሊከፍል በሚችለው ነው። ሀብታም አገር በውድ ይገዛል፣ ድሃ አገር ያንኑ በርካሽ ያገኛል። የአዲስ አበባው ፕሮዲዩሰር ግን ተዋናይ፣ ካሜራ፣ ቦታና ምግብ ከፍሎ የመጀመሪያውን ቅጂ ከእኛው ገበያ ብቻ ማውጣት አለበት። የሚወዳደረው ወጪው ሌላ ቦታ ከተከፈለ ዕቃ ጋር ነው።

ባለሙያዎቹ የጮኹት ያለ ምክንያት አልነበረም። ተመልካቹም ጥፋት የለበትም። በአማርኛ ድምፅ መስጠትን ሙያ ያደረጉ ወጣቶች ሥራ አገኙ፤ ይህንም አልንቀውም። የሚያሳዝነኝ ሌላ ነው። የኢስታንቡልን የባሕር ዳር ቤት ከነመጋረጃው የሚያውቅ ልጅ የገዛ ሰፈሩን ችግር፣ የኮንዶሚኒየም ዕጣውን፣ ወደ አረብ አገር የሄደች እህቱን በዚያ ጥራት ተሠርቶ የሚያይበት ዕድል ጠባብ ነው። ማንም አልከለከለውም። የከለከለው የመጀመሪያው ቅጂ ዋጋ ነው።

አሁን ደግሞ ሒሳቡን የሚሠራው ስልካችን ነው። በዩቲዩብ ማስታወቂያ አስነጋሪው አሜሪካ ላለ ተመልካች የሚከፍለው አዲስ አበባ ላለው ከሚከፍለው ይበልጣል። አማርኛ የሚናገር አንድ ሰው ዋሽንግተን ሲኖርና ጎንደር ሲኖር በዚህ ገበያ እኩል አይቆጠርም። ስለዚህ በአማርኛ የሚሠራ ሰው ሳያስበው ፊቱን ወደ ውጭ ያዞራል። የአገር ቤት ናፍቆት፣ በዓል፣ የተራራቁ ቤተሰቦች መገናኘትና ዕንባ ይበዛል። ርዝመቱም በክፍያ ይለካል፦ ከ2020 ወዲህ በቪዲዮው መካከል ማስታወቂያ ለማስገባት ቢያንስ 8 ደቂቃ መሆን አለበት። ለ5 ደቂቃ የሚበቃ ወሬ 8 የሚሞላው በዚህ ነው።

ሙዚቃውንም ሒሳቡ ገብቶበታል። ስፖቲፋይ በተባለው የሙዚቃ ማድመጫ መተግበሪያ ላይ አንድ ዘፈን ተደመጠ የሚባለው 30 ሴኮንድ ሲሞላው ነው፤ ከ2024 ጀምሮ ደግሞ በ12 ወር ውስጥ 1,000 ጊዜ ያልተደመጠ ዘፈን ክፍያ አያገኝም። አቀናባሪዎች መግቢያውን ያሳጥራሉ፣ አዝማቹን ወደ ፊት ያመጣሉ፣ አድማጩ ጣቱን ሳያንቀሳቅስ በፊት ይዘውት ለመቆየት ይሽቀዳደማሉ። ትዝታ የሚጫወት አዝማሪ ግን ክሩን አጥብቆ፣ ቅኝቱን አገላብጦ፣ ቤቱን በዓይኑ ዞሮ የመጀመሪያውን ስንኝ ሲያወጣ 30 ሴኮንዱ ካለፈ ቆይቷል።